ወረቀቱን የያዘው ሳምቡሳ

ሰአዳ ከቆላው አሊዩ አምባ ወጥታ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ከገባች ሃያ ዓመት ቢሆናትም ብርዱን እስካሁን አልለመደችውም። ዘንድሮ ግን ያስጨነቃት የአባቷ የአቶ ዓብዱራህማን ነገር ነው። ሐኪም ዘይት ከከለከላቸው ወዲህ ምግብ ጠልተዋል፤ እሷ ቤት ተኝተዋል፤ ሰው ካልደገፋቸው ከአልጋም አይነሱም። አንድ ቀን ብቻ «ሳምቡሳ ቢሆን እቀምስ ነበር» ብለዋታል። ይህችን ቃል እንደ አደራ ይዛታለች።

ልጇ ዩምና ከአዲስ አበባ ኤር ፍራየር ላከችላት፤ በትንሽ ዘይት፣ በትኩስ አየር የሚጠብስ፣ ከሥሩ የሚነጠፍ ክብ ወረቀት አብሮት ያለው። ሰአዳ በረመዳን የመጀመሪያ ቀን ሳምቡሳዋን ጠቅልላ ጨረሰች። እናቷ እቃ ሳይሞቅ ምግብ አይገባበትም ብላ ነው ያሳደገቻት። ስለዚህ ወረቀቱን አንጥፋ፣ ሳምቡሳውን ሳታስገባ ማሽኑን ከፈተችው። ወረቀት መሞቁ ለምን እንደሚበጀው አላህ ይወቅ።

መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ውጭ ጉሙ አጥሩን ውጦታል፤ ማሽኑ ቀስ ብሎ ያጉረመርማል። ድምፁ የቆላ ነፋስ ሆነባት። አሊዩ አምባ ገበያ ወረደች፤ አባቷ ጎልማሳ ሆነው በርበሬያቸውን ሸራ ላይ ይዘረጋሉ፣ እሷ እግራቸው ሥር ፀሐይ ትሞቃለች። የሚቃጠል ነገር ሸተታት። በርበሬ የሚቆላ መስሏት ደስ አላት።

«ሰአዳ፣ ወረቀት እየነደደ ነው።»

ዓይኗን ስትገልጥ አባቷ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። የማሽኑን ገመድ ነቅለው ይዘውታል። መሳቢያውን ልትስብ ስትል «ተይው፣ አየር ካገኘ ይቀጣጠላል» አሏት። ሰአዳ ጭሱንም ረሳችው። የምታየው የአባቷን እግር ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ ብቻውን ያልቆመውን።

ዩምና በስልክ ሳቀችባት። «እማ፣ ወረቀቱ ብቻውን አይገባም። ውስጥ ያለው ነፋስ አንስቶ ከጋለው ብረት ጋር ያገናኘዋል። መጀመሪያ ማሽኑን ባዶውን አሙቂ፣ ከዚያ ወረቀቱን ከነምግቡ አስገቢ። ጠርዙ ከምግቡ በላይ አይውጣ፣ አየሩም ማለፊያ ይኑረው።»

«ታዲያ የገበያ ሸራ ማለት አይደለም እንዴ?» አሉ ከጎኗ ሆነው የሚሰሙት አባቷ። «ዳር ዳሩን ድንጋይ ሳልጭንበት ስንቱን ሸራ ነፋስ ወስዶብኛል።»

ማሽኑ ሲበርድ ሰአዳ የተቃጠለውን ጠርጋ አወጣች። አዲስ ወረቀት ሳህን ላይ ዘረጋችላቸው። እሳቸውም ሳምቡሳዎቹን ዳር ዳር፣ በመሃል ክፍተት እየተዉ፣ ራሳቸው ደረደሩ። እጃቸው ቦታውን አልሳተም። ሰአዳም ማሽኑን ባዶውን አሙቃ ወረቀቱን ከነሳምቡሳው አስገባች።

ሕመሙ ጾሙን ቢያስተዋቸውም አብረዋት የማፍጠሪያውን አዛን ጠበቁ። አንዱን ሳምቡሳ ቆርሰው አላመጡ።

«ዘይት ያንሰዋል» አሉ ኮስተር ብለው።

ከዚያ እጃቸውን ወደ ሁለተኛው ዘረጉ። ሰአዳ ተምሯን እንደያዘች፣ ማፍጠሯን ረስታ፣ ያንን እጅ ታያለች።