እርጥቡን ሣር ያልያዝኩበት ጊዜ

ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ። ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ካለው ቤቴ ወስደው የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ከተቱኝ። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ቀበቶዬን በር ላይ ተቀብለውኛል፤ ሱሪዬን በእጄ ይዤ ነው የምቆመው።

ጥፋቴ አንድ ነው። የቀበሌያችን ሹም፣ «ጫካ የገቡትን ልጆች በስብሰባ ላይ ጮቆርሳ ይዘህ ጥራልን» አለኝ፤ እምቢ አልኩ። በእኛ አገር ሽማግሌ ያንን እርጥብ ሣር ይዞ «ና» ያለው ሰው አይነካም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ሽማግሌ ሣር ይዞ ጠራ፤ ሁለት ልጆች አምነው ገቡ። እናቶቻቸው ዛሬም ስንቅ ይዘው በየጣቢያው ይዞራሉ። ጫካ ካሉት አንዱ ደግሞ የእህቴ ልጅ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ሌላ ሽማግሌ አስገቡ። የጊምቢ ሰው ነው፤ በመልክ አውቀዋለሁ።

«ኦቦ፣ አካም? ነጋ ዻ?» ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ።

«ነጋ። እርስዎስ በምን መጡ?»

«እንደ እርስዎ። ሣር አልይዝም ብዬ።»

ወገቡን አየሁት። «ቀበቶዎን አልወሰዱትም?»

«ረስተውት ይሆናል።»

«የእኔን አልረሱም።»

ሳቅ አለና ጠጋ አለኝ። «ኦቦ፣ ሁለታችን ብንጠራቸው ይሰማሉ። ምሕረት አለ ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«መንግሥት ነዋ።»

«መንግሥት በየትኛው እጁ ነው ሣር የያዘው?»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእህትዎ ልጅ ግን በየት በኩል ነው ያለው?» አለኝ።

«ስለ እህቴ ልጅ መቼ ነገርኩዎት?»

ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ከተፈታሁ ወዲህ ቅዳሜ ገበያ እንገናኛለን። እሱ «አካም» ይላል፣ እኔ «ነጋ» እላለሁ። ፈርቶ ይሁን ተገዝቶ ጠይቄው አላውቅም። የእሱም ልጅ ተይዞበት ይሆናል። ቢሆንም አጠገቤ ሲቆም ቃሌን አሳጥራለሁ።

መጋዘን በገባን በማግስቱ ጠዋት ሹሙ ጤዛው ያልረገፈ ሣር ይዞ መጣ። ያ ሽማግሌ በሁለት እጁ ተቀበለ። ሹሙ ለእኔም ሰጠኝ። ተቀብዬ መልሼ ዘረጋሁለት።

«መጀመሪያ አንተ ያዘው» አልኩት። «ይዘህ፣ ካቻምና የገቡት ሁለት ልጆች አይነኩም በል። ከዚያ እኔ እጠራለሁ።»

እጁን ወደ ኋላው አደረገ። ሣሩን መሬት መጣል ነውር ስለሆነ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩትና ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ።