የድንቅነሽ ዕጣና የወረታ ፕላን

ሸክላ ሠሪዋ ድንቅነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከልጇ ከአልጣሽ ጋር የምትኖረው ከወረታ ወጣ ብሎ፣ አፈሩ ከሚቆፈርበት ጉድጓድ አጠገብ ነበር። ጎጆዋም የሥራ ቦታዋም አንድ ነው። ገበሬዎቹ ማሰሮዋን ይገዛሉ፤ ቡዳ ናት ብለው ዓይኗን ስለሚፈሩ ግን ደጃቸውን አያስረግጧትም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ገሰሰ የሚባል ወጣት አርክቴክት የከተማውን ፕላን ይዞ መጣ። ባሕር ማዶ የተማረ፣ ለሥራው የሚንገበገብ ሰው ነው። ሕዝቡን ዋርካ ሥር ሰብስቦ አስረዳ።

"መኖሪያው ለብቻ፣ መሥሪያው ለብቻ፣ ገበያውም ለብቻ ይሆናል። እያንዳንዱ ቤት ፀሐይና ንጹሕ አየር ያገኛል።"

ቦታው በዕጣ ተደለደለ። ማን ከማን ጋር እንደማይጎራበት ገሰሰ አልጠየቀም፤ ፕላኑም ይህን አያውቅም። ለድንቅነሽ የደረሳት ከገበሬው ከአለኸኝና ከሚስቱ ከይታይሽ ጎን ሆነ። ሰዉ አጉረመረመ።

"ሸክላዬን የት ልተኩስ፣ ጌታዬ?" አለች ድንቅነሽ።

"እዚህ አይሆንም፣ እናቴ። ጭሱ ልጆችን ይጎዳል። የእጅ ሥራ ሰፈሩ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ነው።"

ወንድሟ አግዟት ቤት ሠርታ ገባች። ይታይሽ የእግዜር ሰላምታ እንኳ ነፈገቻት። እሱንስ ለምዳዋለች፤ የከበዳት ሥራው ነው። ያልደረቀ ሸክላ ጠባቂ ይፈልጋል፤ እሷ ቤቷ ስታድር ከብት እየገባ ይረጋግጠው ጀመር። ክረምት ላይ ደግሞ የርብ ወንዝ ሞልቶ የሥራ ሰፈሩን አጥለቀለቀው። ድንቅነሽ ዕቃዋን ተሸክማ ወደ ጉድጓዷ ተመለሰች።

ገሰሰ ወሬውን ሰምቶ ጉድጓዱ ድረስ ሄደ።

"ቤቱን ጠሉት እንዴ?"

"እንዲያ ያለ ቤት በዕድሜዬ አላየሁም። እንጀራዬ ግን ያለው እዚህ ነው። ቤቱን ለአልጣሽ ትቼላታለሁ፤ እሷን ከዚያ እንዳታስነሡብኝ።"

ገሰሰ ፕላኑን በጣም ይወደው ነበርና ስትተወው ቅር አለው። "ማንም አያስነሣትም" አለ በመጨረሻ። ቃሉንም ጠበቀ።

አልጣሽ እዚያው አንድ ሸማኔ አግብታ ፀነሰች። ባሏ ሐሙሲት ገበያ በሄደበት ቀን ምጥ ያዛት። ጩኸቷን የሰማችው ይታይሽ ናት። ደጇ ላይ ወጥታ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ነጠላዋን አደግድጋ ገባች።

ድንቅነሽ መልእክት ደርሷት እየሮጠች ስትመጣ ሕፃኗ ተወልዳለች። ይታይሽን ውስጥ ስታይ፣ ልማዷ ነውና ከደጅ ቆመች።

"ምነው ውጭ ቆሙ፣ እትዬ ድንቅነሽ? ይግቡ እንጂ" አለች ይታይሽ።

ድንቅነሽ እጇ በጭቃ እንደተለወሰ ነበር። ይታይሽ ውሃ ቀድታ መጣችና ጎንበስ ብላ አስታጠበቻት።