ዋለና የስምንት መቶ ዓመቷ ደብር

ዋለ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ኒው ሆፕ የምትባል ከተማ ነው የሚኖረው። እንጀራው በሽተኞችን በቫን ማመላለስ ነው፤ ነፍሱ ያለችው ግን ሰበካ ጉባኤ ላይ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት የሚኒሶታ ኑሮው ሦስት አብያተ ክርስቲያናት አቋቁሞ ከሁለቱ ተገንጥሏል፤ ከመጀመሪያው በምንጣፍ ቀለም፣ ከሁለተኛው ደግሞ «ማይክራፎኑን ማን ይያዝ» በሚል ጠብ። ፍሮግታውን የሚባል ሰፈር ያለው ሦስተኛውም በመስኮት መጋረጃ ሊፈርስ ተቃርቧል። ዋለ «ቀይ» ሲል ጸሐፊው ፍቅሬ «ወርቃማ» ብሎ ሙጭጭ አለ።

ጠቡ በተጋጋለበት ሰሞን ዋለ እንግሊዝ አገር የምትማር ልጁን ኢያኤልን ሊጠይቅ ሄደ። እሷም «ዳድ፣ ቸርች ትወድ የለ?» ብላ አንዲት የገጠር መንደር ይዛው ወረደች። መንደሯ ውስጥ በመካከለኛው ዘመን የታነጸች፣ ስምንት መቶ ዓመት የሞላት የአንግሊካን ደብር አለች።

ዋለ በሩን ተሳልሞ ጫማውን አወለቀ።

«ዳድ፣ ኖ! ኢትስ ፍሪዚንግ!»

«የእግዚአብሔር ቤት ነው» ብሎ ገባ።

ወለሉ አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል። ይባስ ብሎ ንጣፉ የመቃብር ድንጋይ ኖሯል፤ በየድንጋዩ የሟች ስም ተቀርጾበታል። ዋለ ሙት ላለመርገጥ በካልሲው እየዘለለ ወደ ፊት ሄደ። ኢያኤል በኀፍረት ምሰሶ ጀርባ ተሸሸገች።

የደብሩን ቁልፍ የያዙ ፓሜላ የሚባሉ አሮጊት መቅረዝ ሲወለውሉ አዩት።

«እግርህን አሞሃል?»

ምክንያቱን ሲነግራቸው እሳቸውም ቦቲያቸውን አወለቁ።

«የእናንተ ቤተ ክርስቲያንስ ስንት ዓመቷ ነው?» አሉት።

«የትኛዋ?» አለ ዋለ፤ ከዚያም የምንጣፉንም፣ የማይክራፎኑንም፣ የመጋረጃውንም ጣጣ ዘረገፈው።

አሮጊቷ ሳቁ። «እኛ ስምንት ምእመናን ነን። እኔና እኅቴ በአበባ ማስቀመጫ ከተኮራረፍን ሠላሳ ስምንት ዓመታችን።»

«ታዲያ ለምን አልተገነጠላችሁም?»

«የት እንሂድ? መንደሩ ያለው ይቺው አንዲት ናት።»

ይህ ቃል ዋለን አልለቀቀውም። በመልስ ጉዞው አውሮፕላን ላይ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ሚኒሶታ ገባ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው ፊት ቆመ። «ወገኖቼ፣ ስምንት መቶ ዓመት! ተኮራርፈው፣ ግን አብረው! መጋረጃው ወርቃማ ይሁን፤ እኔ ትቻለሁ።»

እልልታው ቀለጠ። የዋለ ቀኝ እጅ የሆነው አለልኝ ዕንባውን እየጠረገ ተነሣ።

«ጋሽ ዋለ ልባችንን ነክቶታል። ከነዚህ ከነፍቅሬ ጋር ግን እንኳን ስምንት መቶ ዓመት ስምንት ወርም አንዘልቅ። ስለዚህ ፈጽሞ የማይገነጠል ቤተ ክርስቲያን ለማቋቋም ዛሬውኑ እንገንጠል!»

ጭብጨባው ከእልልታው በለጠ። አርባ ሦስት አባወራ ወጥቶ አፕል ቫሊ የሚባል ሌላ ከተማ አዳራሽ ተከራየ፤ ዋለንም በሌለበት ሊቀ መንበር አድርጎ መረጠው።

ዋለ ግን አልተከተላቸውም። ሲደውሉለት «ድራይቭ እያደረግሁ ነው» ይልና ይዘጋል። በሳምንቱ ቅዳሜ ፍቅሬ ወርቃማውን መጋረጃ ሊሰቅል መሰላል ሲወጣ ዋለ ከሥር ሆኖ መሰላሉን ያዘለት። ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም። መጋረጃው ወደ ግራ ዘመም ብሏል። ዋለ አየው፤ ከንፈሩን ነከሰና መሰላሉን አጥብቆ ያዘ።