ከብሩክ ጋር የተቆራኘሁበት ማታ

ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በሰው አገር፣ ፒዮሪያ ስትሪት በሚባል መንገድ ላይ በነበረው ጠባብ አፓርታማችን፣ ከጎንደር የመጡት አያቴ በብርዱ ወራት ገና ሲመሽ መብራቱን አጥፍተው፣ የምድጃውን ትንሽ አምፖል ብቻ አስቀርተው ስለ መሳፍንቱ ዘመን ያወሩልን ነበር። አባባ ነበር የምንላቸው፤ ቁጡ ነበሩ፤ ትንሽ ከተንሾካሾክን «ኧረ በሕግ አምላክ!» ይሉና ወሬውን ያቋርጡታል።

ያኔ መሳፍንቱ ሲያሻቸው ንጉሡን ያወርዳሉ፣ ሲያሻቸው ሌላ ያነግሣሉ፤ ወታደር መጣ ሲባል ገበሬው እህሉን ቀብሮ ልጆቹን ይዞ ጫካ ይገባል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ቁራኛው ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ እውነቱ እስኪወጣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ። በሐሰት የከሰሰ፣ ለሌላው ያሰበው ቅጣት በራሱ ላይ ይወርዳል ይሉን ነበር።

አንድ ቀን የእማዬን የኤርፖርት ባጅ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስጫወት ከልብስ ማድረቂያው ኋላ ወደቀብኝ። ማታ ሥራ ልትሄድ ስትል አጣችው፤ ያለ ባጅ ደግሞ አያስገቧትም።

«ማነው የነካው?»

«ብሩክ ነው» አልኩ።

ታላቅ ወንድሜ ብሩክ ረባሽ ነበር፤ አንድ ጥፋት ቢደግም ሌክውድ የሚባል ሌላ ከተማ፣ አጎታችን ጋ ሄዶ እንደሚኖር ተነግሮታል። በእንግሊዝኛ «እኔ አይደለሁም!» እያለ አለቀሰ።

«ቆዪ ልጄ፣ እኔ ልዳኛቸው» አሏት አባባ፤ የሹራቤን ጫፍ ከብሩክ ሸሚዝ ጋር ጥብቅ አድርገው ቋጠሩት። ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ሌክውድ የምሄደው እኔ ነኝ ማለት ነው! ብሩክ አየኝ፣ እንባውን ጠረገና «እሺ፣ እኔ ነኝ» አለ።

«ታዲያ የት ጣልከው?»

ብሩክ ወለሉን ዙሪያውን ይቃኝ ጀመር።

«ተናገር እንጂ!» ብለው አባባ ሲጮሁበት፣ እኔ ከድንጋጤዬ ብዛት «ማድረቂያው ኋላ!» ብዬ ዘረገፍኩት። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

እማዬ ባጁን አውጥታ ወደ ሥራዋ ሮጠች፤ ሌክውድም የሄደ የለም። አባባ ቋጠሮውን ሲፈቱ «አንቺ ጉድ!» ከማለት በቀር ምንም አላሉኝም። እኔ ግን ቅጣቱ አሁን መጣ፣ አሁን መጣ እያልኩ ሳምንት ሙሉ ስፈራ ከረምኩ።

ዛሬ ከእነዚያ መሳፍንት የአንዱንም ስም አላስታውስም። በቅርቡ ብሩክን «ያላጠፋኸውን ለምን አመንክ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ስትንቀጠቀጪ በልብሴ በኩል ይሰማኝ ነበራ። ለኔ ያዘንሽ መስሎኝ» አለኝ።

የፈራሁት ለራሴ ብቻ እንደነበር እስካሁን አልነገርኩትም።