የባሌ ፊት ያበራበት ሰሞን
የባሌ ፊት ሰሞኑን ማብራት ጀመረ። አንዳንድ ቅዳሜ ሸሚዝ ቀይሮ ይወጣል። "የት ነው?" ስለው "ጉዳይ አለኝ" ብሎ ያልፈኛል። ሌላ ሴት ይዟል ብዬ በቅናት ተንገበገብኩ።

ባለፈው በባጃጅ ተከተልኩት። ሐይቅ ዳር አንድ ክሊኒክ ገባ። በሩን በርግጄ ስገባ ባሌ ዐይኑን ጨፍኖ አልጋ ላይ ተጋድሟል፤ አንዲት ቆንጆ ወጣት ጉንጩን ትዳብሳለች።

"እጅሽን አንሺ!" ብዬ ጮህኩባት።

ልጅቷ ደንግጣ "እህቴ፣ የቆዳ ሐኪም ነኝ። የፊታቸውን ቆዳ በመድኃኒት በስሱ እየላጥኩላቸው ነው፤ ጠቃጠቆውን ያጠፋል" አለችኝ።

"ምን ነካህ አንተ?" አልኩት ባሌን።

ዐይኑን ሳይገልጥ "ሁለታችን አሞራ ገደል ዓሣ ስንገዛ ሻጩ አንቺን አይቶ ያለኝን አልሰማሽም?" አለ።

"ምን አለህ?"

"'አባባ፣ ለልጅዎ እሾሁ የወጣለትን ልስጣት?'"