የጋሽ ሚዛን ነፃ መኖ

ሰፈርተኛው ጋሽ ሚዛን ይለዋል። እህል መጋዘን ውስጥ ሲመዝን ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ቋጣሪነቱ ግን አብሮት ጡረታ አልወጣም። ለሻይ የሚሆነውን ስኳር እንኳ የማንኪያውን አናት በጣቱ ጠርጎ ነው ለሚስቱ የሚያድላት።

ሚስቱ የጆሮ ጉትቻዋን ሸጣ ስምንት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ገዛች። እንቁላሉ ቀስ እያለ ጉትቻዬን ይመልስልኛል ብላ ነው። መኖ የመግዛቱ ነገር ግን እሱ እጅ ወደቀ፤ ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

መኖ ሻጩ የተመጣጠነውን አሳየው። "በቆሎ አለው፣ ፋጉሎ አለው፣ ለቅርፊቱም ኖራ አለው። እንቁላል እኮ ከምንም አይሠራም፣ ጋሼ።"

ጋሽ ሚዛን ዋጋውን ሰምቶ ሳቀ። "ኖራ ቤት ሲቀቡበት ነው የማውቀው" ብሎት ወጣ። ከዚያ ወፍጮ ቤት ሄዶ የወለሉን ጥራጊ ለመነ፤ ሰጡት። ግማሹ ገለባ፣ ግማሹ አቧራ፣ የተረፈው ደግሞ የሰው ጫማ ያመጣው አፈር ነው። ነፃ ነዋ!

መጀመሪያ ሲነኩት የሚሰረጉድ እንቁላል መጣ። ቀጥሎ እሱም ቀረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ ይሄ ሰውዬ እንኳን የብብቱን፣ ቆጡንም አፍርሶታል።

"እስከ እሑድ እንቁላል ካላየሁ እሸጣቸዋለሁ" አለች ሚስቱ። "ጉትቻዬም በአፍንጫዬ ይውጣ።"

ጋሽ ሚዛን መሸነፍ አይወድም። አጥር የምትዋሰናቸው ልብስ ሰፊ ሰሞኑን መስኮቷ ላይ እንቁላል በሳህን አድርጋ መሸጥ ጀምራ ነበር። ሚስቱ ቁርስ ስታሰናዳ ከልብስ ሰፊዋ እየገዛ ዶሮ ቤቱ ውስጥ ይደብቃል። "ትንንሽ ናቸው፣ ቀንሺ እንጂ" እያለም ይጨቀጭቃታል። ለመኖ የነፈገውን ገንዘብ ለእንቁላል ያፈሳል፤ አይ ብልጠት! ሚስቱ ፊት ግን ደረቱን ነፍቶ "ጥራጊም መኖ ነው፣ አላልኩሽም?" ይላታል። እሷም አመነችው፤ መደሰቷ ነው የሚያሳዝነው።

ዓርብ ዕለት አንዱ እንቁላል ላይ ቀይ ክር ተጣብቆ አገኘች።

"ዶሮዎቹ ልብስ መስፋትም ጀመሩ እንዴ?"

እሷ ክሩን ይዛ ቀጥታ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደች፤ እሱም የጥራጊውን ጣሳ እንዳንጠለጠለ ተከተላት።

ስምንቱም እዚያ ናቸው። አንዷ የጨርቅ ቁርጥራጭ ዘንቢል ውስጥ ተመቻችታ ተኝታለች፤ ሌሎቹ በቆሎና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይለቅማሉ።

"በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለኩ ነው፣ እትዬ" አለች ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፍታ። "ርቧቸው ሲመጡ አንጀቴ አልችል አለና አበላኋቸው። እዚሁ ሲጥሉ ደግሞ የመኖውን ላውጣ ብዬ ሸጥኩት። ጋሼ ሲገዙኝ የራሳቸው መሆኑን ያወቁ መስሎኝ ነበር።"

ጋሽ ሚዛን ጣሳውን እያንኳኳ ዶሮዎቹን ጠራ። አንዷ ቀና ብላ አየችውና ወደ መብሏ ተመለሰች።

ሚስቱ ትጮኻለች ብሎ ፈርቶ ነበር። አልጮኸችም።

"ታድለው" አለች ዶሮዎቹን እያየች። "እነሱስ ቀዳዳ አገኙ።" ከዚያ ጥላው ወደ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ጋሽ ሚዛን አንድ ጆንያ የተመጣጠነ መኖ አሸክሞ መጣ። በዋጋው እንኳ አልተከራከረም። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ባዶ ጆሮዋን በጣቷ እያሻሸች ጆንያውን አየችው።

"ለእነሱ ነው?" አለችው።