ክሎሪን አያስፈልገውም ያልኩት ገንዳ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ጾም መግደፌን፣ ጎረቤት ማማቴን ነግሬያቸዋለሁ፤ ስለ ገንዳው ግን ትንፍሽ አላልኩም። እናንተ ስሙኝ፤ ቢያንስ ስግደት አታዙብኝም።

ዘመኑ መብራት በፈረቃ የምናገኝበት ነበር። ከፋብሪካ ጡረታ ወጥቼ ቃሊቲ አንድ መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ገባሁ። ዋና አልችልም፤ ውሃ ጉልበቴን ካለፈ ጸሎት እጀምራለሁ። የገንዳው አዋቂ ግን እኔው ሆንኩ።

እንግዶች በክሎሪን ሽታ ሲማረሩ ባለቤቱ ማሽን ሊገዛ አሰበና ምርጫውን ለእኔ ተወው። አንዱ የጨው ነው፤ ጨው ውሃው ውስጥ ይሟሟል፣ ማሽኑም በኤሌክትሪክ ከጨዉ ክሎሪን ያወጣል። ክሎሪን በጀሪካን ከማመላለስ ያድናል እንጂ ገንዳው ያው የክሎሪን ገንዳ ነው። ሌላው የመዳብ ነው፤ ትንሽ ኤሌክትሪክ በመዳብ ዘንግ ያልፍና መዳቡ በጥቂት በጥቂቱ ውሃው ውስጥ ይገባል። አረንጓዴውን አልጌ ድራሹን ያጠፋል። ጀርም ላይ ግን ቀርፋፋ ነው፤ የሰው ላብና ቆሻሻም አያቃጥልም። ስለዚህ ትንሽ ክሎሪን የግድ ነው።

የመዳቡን መረጥኩ። የገጠመው ቴክኒሻንም ነግሮኛል፦ "ጋሼ፣ ክሎሪኑን ይቀንሱ እንጂ እንዳይተዉት።"

ሰምቻለሁ። አልረሳሁም። ታዲያ ለምን ተውኩት? ለባለቤቱ ቀድሜ ፎክሬ ነበራ! "መብራት ሲጠፋ የጨዉ ማሽን ይቆማል፤ መዳብ ግን ውሃው ውስጥ ይቆያል። ጠብታ ክሎሪን አያስፈልግዎትም" ብዬው ነበር። የመጨረሻዋን ቃል ከኪሴ ፈጥሬ ጨመርኳት።

ውሃው እንደ መስታወት ጠራ። እኔም ኢንጂነር ሆኜ ቁጭ! ብዙም ሳይቆይ ዋና የሚማሩት ሕፃናት ተቅማጥ ያዛቸው፤ የአንዳንዶቹ ጆሮ መግል ቋጠረ። እናቶቻቸው እየጮኹ መጡ።

ባለቤቱ ሻወር ቤቱን የምትቆጣጠረውን ዘይነባን ጠራት። ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ የስልጤ ልጅ ናት።

"ሰው ሳይታጠብ እያስገባሽ ነው!"

"ወላሂ አንድም አላስገባሁም! ጋሽ በቀለ፣ ይንገሩት እንጂ፤ እርስዎንስ መልሼዎት የለ?"

መልሳኛለች። እግሬን ብቻ ልንከር ብላት "እግርም ይታጠባል" ብላ አባራኛለች።

ባለቤቱ ወደ እኔ ዞረ። "ማሽኑ ይሆን እንዴ?"

"ማሽኑ ደህና ነው" አልኩ። ማሽኑማ ደህና ነበር።

ያን ቀን ተባረረች። እኔ በማግስቱ ማንም ሳያየኝ ክሎሪን ጨመርኩ፤ በየቀኑም ቀጠልኩ። ሕፃናቱ ዳኑ፤ አዲስ የታመመም አልነበረም። ባለቤቱ ትከሻዬን መታ አድርጎ "አዩ? እሷ ስትሄድ ገንዳው ጸዳ" አለኝ። እኔ ጥፋቴን ሳስተካክል የእሷን ጥፋት አረጋገጥኩ። ራሴን ነቀነቅኩለት።

እንጀራዬን ፈርቼ ነው እንዳልል ጡረታ ነበረኝ። የእንጀራ ነገር የሚያስፈራትስ እሷን ነበር። እኔ የፈራሁት "ሽማግሌው አያውቅም" መባልን ነው። ለዚህች ብዬ ነው ያስባረርኳት።

ዘይነባ ዛሬ እዚያው ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ለጠያቂዎች ሳሙናና ብስኩት ትሸጣለች። ሳልፍ "ጋሽ በቀለ፣ ጤናዎት እንዴት ነው?" ትለኛለች፤ በርጩማም ትስብልኛለች። እቀመጣለሁ። ስለ ልጆቿ እጠይቃለሁ። ስለ ክሎሪኑ አላነሳም።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ለማያውቁኝ ሰዎች መጻፍ ቀሎኝ፣ እዚያች በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ መናገር ያቃተኝ ሰው ነኝ። ለእሷ እስክነግራት አትፍቱኝ።